የስምንት ሞተር ሰበብ

ቁጡ ነኝ። ይህንን ከእኔው ስሙት፤ ከሌላ ሰው ከሰማችሁት ጨምሮ ነው የሚነግራችሁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ፣ በምሠራበት የኤሌክትሪክ ወርክሾፕ ደጃፍ የሚያልፍ ሁሉ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው እኔን ፈርቶ ነው ይባላል። ሐሰት ነው። የሚፈሩኝ ካቻቢቴ ወስደው ሳይመልሱ የቀሩ ብቻ ናቸው፤ እነሱስ ቢፈሩ ምን አለበት።

ስሜ ይመኙሽ ነው። ይህ ነገር ሲጀመር አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ባሌ ካረፈ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ ልጅ አልወለድንም። እናቴም አባቴም ከእሱ በፊት ሄደዋል። ዘመድ የምለው ዛሪማ የሚኖር አንድ አጎት ነበረኝ፤ በዓመት አንዴ ለጥምቀት ጎንደር ይመጣና ሦስት ቀን ሲመርቀኝና ሲቆጣኝ ከርሞ ይመለሳል። ቁጣው የዘር ነው። ከዚያ ውጪ ያለኝ የሚጠገን ዕቃ ነበር። ዕቃ ሸጋ ነው፤ ከፈቱት የጎደለውን ይናገራል።

ንብረት የመጣው በ2009 ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነው፤ እኛው ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት ያስተምራል። ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ረጅም፣ ትከሻው ትንሽ የጎበጠ፣ ድምፁ ከሚቀጥለው ክፍል የሚመጣ የሚመስል ሰው። አላገባም። እናቱ አሥራ አንድ ዓመት አልጋ ላይ ሲቆዩ ያስታመማቸው እሱ ነው፤ እሳቸው ሲያርፉ የማግባቱም ነገር አብሮ ያለፈው መሰለው። በእጁ ጥቁር ፌስታል ይዞ በሩ ላይ ቆመና "ወይዘሮ ይመኙሽ፣ መግባት ይቻላል?" አለኝ። እዚያ ወርክሾፕ አስፈቅዶ የገባ ሰው አይቼ አላውቅም። ልቆጣው ፈልጌ ምክንያት አጣሁ።

ፌስታሉ ውስጥ ካሜራ ነበር። ስሜን ተራራ፣ ጨነቅ ላይ፣ ገደል ፊት ብቻ የሚበቅል አንድ ተክል አለ አለኝ። ቅጠሉ ወፍራም፣ አበባው የጥፍር ያህል ነው። ዝናቡ እንዳቆመ ለጥቂት ሳምንት ያብባል፤ ስንት እንደቀረ የቆጠረው ሰው የለም። ከዚህ በፊት ሰው በገመድ አውርዶ ነበር፤ ገመዱ ድንጋይ ላይ ሲፈተግ ካየ ወዲህ ግን ያን ሥራ እርም ብሏል። "ካሜራ ተሸክሞ ገደሉ ፊት ለፊት የሚቆም ድሮን እንሥራ" አለኝ። የተሠራውን ለምን አይገዙም ብዬ ጠየቅሁት። የሚገዛው ትንንሽ ነው፣ እዚያ ያለው ነፋስ እንደ ወረቀት ነው የሚጫወትበት አለ። ይህስ እውነቱን ነው። ሌላውን ሁሉ ግን ቆይታችሁ ትሰሙታላችሁ።

የድሮን ዕቃ መምረጥ እንግዳ እንደመጥራት ነው። አንድ በጨመራችሁ ቁጥር ወንበር ትዋሳላችሁ፤ ወንበር ያዋሰው ጎረቤት ደግሞ ራሱ ይመጣል። ካሜራው ሲከብድ ሞተሩ መጠንከር አለበት። የጠነከረ ሞተር ብዙ ባትሪ ይበላል። ባትሪ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚከብደው እሱ ነው፤ እሱን ለመሸከም እንደገና ሞተር ይጨመራል። በዚያ ላይ የደጋው አየር አለ። ጎንደር ላይ አየሩ ይሸከማል፤ ጨነቅ ግን ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሜትር ነው፣ አየሩ ሳስቶ ፕሮፔለሩ፣ የሚሽከረከረው ክንፍ ማለቴ ነው፣ የሚገፋው ነገር ያጣል። ሰፊ ፕሮፔለር፣ ቀስ ብሎ በጉልበት የሚዞር ሞተር ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩለት። ቆሞ ሰሌዳውን ሳይሆን ጠመኔ የነካውን እጄን ሲያይ አገኘሁት። ቆሽሾ ነው ብዬ በጨርቅ ጠረግሁት።

የፌስታሉ ካሜራ ሰባት መቶ ግራም ነበር። አራት ሞተር ይበቃዋል። በሁለት ወር ውስጥ መረጥኩ፣ ደመርኩ፣ ጨረስኩ። ግንቦት ላይ መጣና፣ ነፋሱ ወደ ገደሉ ስለሚገፋ ድሮኑ ሃያ ሜትር ርቆ መቆም አለበት፣ ከዚያ ርቀት አበባውን ለማየት ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል አለ። ሌንሱ ከነካሜራው ኪሎ ከአራት መቶ ሆነ። እውነት ነበር፤ ንግግሩ ልክ ስለነበር አልተቆጣሁም። ሰሌዳውን አጥፍቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣ ጀመር። ማክሰኞና ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ትምህርቱን ሲጨርስ። አንዳንዴ የሚጠይቀው ነገር ያልቅበትና ዝም ብሎ ይቀመጣል። እኔ የተቃጠለ ማራገቢያ እየፈታሁ እቆጣለሁ፤ በመንግሥት፣ በመብራት ኃይል፣ ብሎን በሚያላሽቁ ተማሪዎች። እሱ ብሎኖቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረድራል። "ምነው ዝም አሉ?" ስለው "ዝም አይነቅዝም" ይላል። ማክሰኞና ዓርብ ጸጉሬን ማበጠር የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ልብ ያለው ሰው ግን አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። በ2010 ጥር አንድ መምህር ከውጭ ስብሰባ ሲመለስ አራት ሞተር በሻንጣው ይዞልን መጣ። ያዘዝኳቸው ነበሩ። አንዱን በጣቴ አሽከረከርኩት፤ እንደ ቅቤ ነው የዞረው፣ ድምፅ የለው፣ መንቀጥቀጥ የለው። ንብረት ከፊቴ ቆሞ መልስ ይጠብቃል። ይህ ጥሩ ነው ብል ሞተሩ አለቀ፤ ሞተሩ ካለቀ የቀረው የአንድ ወር ሥራ ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ ማክሰኞም ዓርብም ተራ ቀን ይሆናሉ። ጆሮዬን አስጠግቼ "ኩሽኔታው ይንኳኳል፤ አይሆንም" አልኩ። በሃያ ዓመት ሥራዬ ስለ ዕቃ ዋሽቼ አላውቅም። አፈርኩ።

"አይሆንም?" አለ። ፊቱ በራ። ከመስኮቱ በገባው ብርሃን ነው ብዬ አለፍኩት።

መጋቢት ላይ የዛሪማው አጎቴ አረፈ። ሊማሊሞን ወርጄ ስደርስ ቀብሩ አልቆ ለቅሶው ላይ ነው የደረስኩት። ድንኳኑ ውስጥ፣ ከወንዶቹ መሐል፣ ጋቢውን እስከ ግንባሩ የተከናነበ ረጅም ሰው ከሁሉም በላይ ያለቅሳል። ንብረት ነው። ከኔ ቀድሞ በአውቶቡስ መጥቷል። አጎቴን በሕይወቱ አንዴ፣ ለጥምቀት፣ ወርክሾፕ በር ላይ ነው የሰላምታ ያህል ያየው። ለቀስተኛው እርስ በርሱ "የማን ልጅ ነው?" ይባባላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናደድኩ። የሞተብኝ እኔ ነኝ፣ እሱ ምን ቤት ነው ብዬ።

ከዚያ ለቅሶ በኋላ ሰውዬው ነገረ ሥራው ሁሉ ጠፋበት። ሚያዝያ ላይ አዲስ ካሜራ ይዞ መጣ፤ ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ። ለምን ስለው "ምስሉ የጠራ ይሆናል" አለኝ። የበፊቱስ ምን አጠፋ? "እሱም ጥሩ ነበር" አለ። ስድስት ሞተር አደረግሁት፤ ሞተሮቹ የሚታሰሩባቸውን ክንዶች እንደገና ለካሁ። ሰኔ ላይ ደግሞ ከጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል የፊልም ካሜራ ተውሶ፣ ሁለት እጁ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፎ ገባ። ካሜራውን እንዳይነቃነቅ ከሚይዘው ማሰሪያ ጋር አምስት ኪሎ ሊሆን ምንም አልቀረው። በዚያ ላይ ለሌንሱ የፀሐይ መከለያ ጨመረ። መዘንኩት፤ መቶ ሃያ ግራም።

ያኔ ቁጣዬ ገነፈለ። "መምህር ንብረት፣ ልክ ንገሩኝ። በኔ ሥራ አላመኑም? ባላመኑ ጊዜ ሌላ ቴክኒሻን አለ፤ እሱጋ ሂዱ። እኔን በግራም አትግደሉኝ" አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "በእርስዎ ሥራ ሳምን ነው የኖርኩት" አለ። ታዲያ ምንድን ነው? መከለያውን ከሚዛኑ ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተና ወጣ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን መጣ፤ ብሎኖቹን ደረደረ። እኔም ስምንት ሞተር ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

መስከረም 2011 ላይ ባሕር ዳር ያለ አንድ ድርጅት ለሥራ ፈለገኝ። ደመወዙ ከኔ እጥፍ ነው፣ ቤት ይሰጣል፤ እስከ ኅዳር አጋማሽ መልስ ስጪን አሉኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አርባ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ይህን ሰው ወድጄዋለሁ፤ ለሰው አልተናገርኩም እንጂ ለራሴ መደበቅ ትቻለሁ። እሱ ግን የሚናገር ሰው አይደለም፤ ምናልባትም የሚናገረው ነገር የለውም። እንግዲህ ድሮኑ ይብረር። በሮም ምንም ካላለ ባሕር ዳር እሄዳለሁ፣ ብዬ ቆረጥኩ። ከባሌ ቀብር ወዲህ ያን ያህል የከበደኝ ውሳኔ የለም።

ውሳኔዬን የሰማ ይመስል በሳምንቱ የክፍል ኃላፊያችን ዶክተር ፍቅርተማርያም ወርክሾፕ ገቡ። ለዘብተኛ ሰው ናቸው፤ በቁጣ የሚያውቋቸው የለም። የዚያን ቀን ግን ሰሌዳውን ላይ ታች አዩና "ይመኙሽ፣ የበረራ ፈቃዱ እንኳ ዘጠኝ ወር ነው የፈጀው። እናንተ ዕቃ ስትመርጡ ሃያ ወር ሞላችሁ። ኧረ ሚስትም እንዲህ አትመረጥም" አሉ። ንብረት ትን አለው። ውኃ ሰጠሁት። ዶክተሩ አበባው በጥቅምት መጨረሻ እንደሚረግፍ፣ ያኔ ካልበረረ ፕሮጀክቱ እንደሚዘጋ ነግረውን ወጡ።

ሃያ ወር ያልመረጥነውን በሦስት ሳምንት መረጥነው። ሞተሩ ስምንት ሆነ፤ ከነሱ አራቱ እነዚያ "ይንኳኳሉ" ያልኳቸው ናቸው፣ ከመሳቢያዬ አውጥቼ አንድም ቃል ሳልናገር ገጠምኳቸው። እሱም አንድም ቃል አልጠየቀኝም። ፕሮፔለሩን ከሚመከረው አንድ ቁጥር አስፍቼ ወሰድኩ፤ አዘዞ ሜዳ ላይ የሚነሳ ሁሉ ጨነቅ ላይ አይነሳም። ክንዶቹ ካርቦን ናቸው፣ ሽቦውን ሁሉ አሳጠርኩ፣ ብረት ብሎኑን በአሉሚኒየም ለወጥኩ። ከሰውየው ጋር የምቆይበትን ዕድሜ በገዛ እጄ እያሳጠርኩ እንደሆነ እያወቅሁ ነው የሠራሁት። ግን ሥራ ሥራ ነው፤ አበላሽቼ መሥራት አልችልበትም።

ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። መኪናውን የያዘው አያ ላቀው ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ሹፌር፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ የደባት ሰው። ሲነዳ ያወራል፤ ሲያወራ ዞሮ ያያችኋል። "አያ ላቀው፣ መንገዱን እይ" እለዋለሁ። "መንገዱ እኔን ያየኛል" ይለኛል። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ንብረት ዳቦና ማር ገዝቶ መጣ። ደባርቅን አልፈን ወደ ላይ ስንወጣ ግን አያ ላቀውም ዝም አለ። ብርዱ በመስኮቱ ይገባል።

ባትሪ ብርድ አይወድም፤ ከቀዘቀዘ ጉልበቱ ይከዳል። ይህን ስናገር ንብረት አራቱን ባትሪዎች አንድ በአንድ ተቀብሎ ጋቢው ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ከተታቸው። እያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎ ይሆናሉ። ጨነቅ እስክንደርስ እንደ መንታ አራስ አቅፏቸው ተቀመጠ። በመስታወቱ እያየሁት እንባዬ መጣ። አያ ላቀው አየኝና ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ፤ በዚያ ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ገደሉ አፋፍ ላይ ከፓርኩ ጥበቃ ጋር ቆምን። ድሮኑን ሣሩ ላይ ዘረጋሁት፤ ከክንድ እስከ ክንድ የአንድ ሰው ቁመት ይሆናል። ባትሪዎቹን ከደረቱ እያወጣ ሰጠኝ፤ ሞቀው ነበር። ስምንቱም ሞተር ተነሡ። ሣሩ ተኛ። ቀስ ብሎ ለቀቀ፤ ከጉልበት፣ ከወገብ፣ ከራስ በላይ። ያ ሁሉ ክብደት፣ ያ ከጋዜጠኝነት ክፍል የመጣ ጉድ ሁሉ፣ ስስ አየር ላይ ቆመ። መቆጣጠሪያው እጄ ላይ ሆኖ ከገደሉ ጠርዝ አሳለፍኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ንብረት ምስሉን የሚያሳየውን ማያ ይዞ አጠገቤ ቆሟል። ድሮኑን ወደ ገደሉ አዞርኩት። ጥቁር ድንጋይ፣ ስንጥቅ፣ ሌላ ስንጥቅ፤ ከዚያ ከስንጥቁ መሐል ያቺ ተክል፣ አንድ ሳትሆን አንድ መንደር ሙሉ። አበባው እስከ ነጠብጣቡ ይታያል። በካሜራው አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ፎቶ አነሳት። "ይኸው" አለ። "ይኸው በረረ።"

ዞር ብዬ አየሁት። ፊቱ የአጎቴ ለቅሶ ላይ ያየሁት ፊት ነው።

"ምነው መምህር?" አልኩ። "ሃያ ወር የለፋንበት ነው፤ አበባዎ ይኸው። ሰው የሞተብዎት ለምን ይመስላሉ?"

"ወይዘሮ ይመኙሽ" አለ። "ከዛሬ ወዲያ ምን ብዬ ልምጣ?"

ልክ በዚያች ደቂቃ መቆጣጠሪያው ጮኸ። ባትሪው ሊያልቅ ነው ማለት ነው። የቀረን ሁለት ደቂቃ፣ ድሮኑ ደግሞ ገደሉ ማዶ ነው። ሃያ ወር አፉን ዘግቶ የኖረ ሰው፣ መስማት የማልችልበትን ጊዜ መርጦ አፉን ከፈተ። አላቆመም ደግሞ። ግድቡ አንዴ ተደርምሷል።

"አምና የካቲት ላይ ሽማግሌ አዘጋጅቼ ነበር" ይላል። "ከፋሲካ በኋላ ዛሪማ አጎትዎ ዘንድ ልልክ። መጋቢት ላይ አረፉ።"

"ቆይ፣ ላሳርፈው" አልኩ። ነፋሱ ከጎን መታው፤ አስተካከልኩት።

"ከሳቸው በቀር የርስዎ የሆነ ሰው አላገኘሁም። ጠየቅሁ፣ አስጠየቅሁ። ሽማግሌ የምልክበት ደጅ አጣሁ። ደጅ እስካገኝ ብዬ ነው ካሜራውን የቀያየርኩት። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ያ የፀሐይ መከለያ…"

"ንብረት፣ አፍህን ዝጋ፤ ይወድቃል።"

ዘጋ። እኔም "አንተ" እንዳልኩት የገባኝ ድሮኑ ሣሩ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ሞተሮቹ ቆሙ። ጸጥታው ጆሮ ያማል። የፓርኩ ጥበቃ ሰው ገብቶት ይሁን ብርድ ሆኖበት እንጃ፣ ወደ መኪናው ሄደ። ድሮኑ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። የሃያ ወሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ፤ ግራሙ፣ ሰሌዳው፣ የዛሪማው ለቅሶ። ለካ ሰውዬው ያለቀሰው የኔን ደጅ ነው።

"ሞተሩ አይንኳኳም ነበር" አልኩት። "ያን ቀን ዋሽቼህ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ። "እርስዎ ከሄዱ በኋላ አሽከርክሬው ነበር።"

ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። ከዚያ ቁጣዬ መጣ፤ ቁጣዬ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። "ደጅ አጣሁ ትላለህ? ማራኪ፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊ በር። ስንት ጊዜ ዕቃ አድርሰህልኛል? እሱ ደጅ አይደለም?"

"ሴት ለራሷ ሽማግሌ ትቀበላለች?" አለ። የምሩን ነው የጠየቀው። የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ነው፤ ያለወጉ የተገባ ቤት አይጸናም ብሎ ያምናል።

"ባሌን የቀበርኩ እኔ። አባቴን ያስታመምኩ እኔ። ራሴን አልቀበርኩም እንጂ ሌላውን ሁሉ እኔው ነኝ ያደረግሁት። ላክ። እኔው እቀበላቸዋለሁ፣ እኔው እጠይቃቸዋለሁ።"

"እሺ" አለ።

በኅዳር ሁለተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሦስት ሰዎች በነጭ ጋቢ ቆመዋል። አያ ላቀው፣ ዱላ ይዞ፤ ዱላ ይዞ አይቼው አላውቅም። ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡ ቄስ ማሩ የሚባሉ የንብረት ጎረቤት። ሦስተኛው፣ ጋቢው እየተንሸራተተ ያስቸገራቸው፣ ዶክተር ፍቅርተማርያም። ዓይን ለዓይን ላለመተያየት መሬት መሬት ያያሉ። ልስቅ ነበር፤ የንብረትን ፊት አስቤ ተውኩት። ለዚህች ቀን ስንት ኪሎ ተሸክሟል።

"ግቡ፤ ተቀመጡ" አልኩ።

"መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም" አለ አያ ላቀው። ድምፁ የሹፌሩ አይደለም።

እንደ አባት ልሆን ቃል ገብቻለሁና ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምኩ። "ምን እግር ጣላችሁ?"

ቄስ ማሩ መረቁ፤ ረጅም ምርቃት ነው፣ ግማሹ ግዕዝ። ከዚያ "ልጃችን ንብረት ልጅዎን ይመኙሽን ለትዳር ፈልጎ፣ እኛን ደጅ ጥኑ ብሎ ልኮናል" አሉ። ልጅዎን ሲሉ ወደኔ ነው የሚያዩት። ከጎኔ የሌለ ሰው የቆመ መሰለኝና ዞር አልኩ። ማንም የለም፤ የተሰቀለ ልብስና ሬዲዮ ነው።

አሁን የምነግራችሁን ስሕተት የሠራሁት ወጉን ስለማውቅ ነው። እናቴ ትለኝ የነበረው ነገር አለ፤ በመጀመሪያው ቀን የተሰጠች ሴት ትናቃለች፣ ሽማግሌ ይመላለስ። አባቴ ለባሌ ሽማግሎች የመለሰውን ቃል በሩ ጀርባ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። እሱኑ ደገምኩት። "መልካም ነገር ነው ይዛችሁ የመጣችሁት። እኛም ዘመድ አማክረን መልስ እንሰጣለን። በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ።"

አያ ላቀው ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ አለው። ወጉ ወጉን ያዘ ማለት ነው። ዶክተር ፍቅርተማርያም ብቻ ቀና ብለው አንድ ነገር ሊናገሩ ፈለጉና ተዉት። እጅ ነሥተው ወጡ።

በሩን ዘጋሁ። ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ፤ የተቀመጠባቸው ሰው ግን አልነበረም። እንግዲህ ዘመድ ላማክር፣ አልኩ ለራሴ። ከማን ልጀምር? ስልኬን አነሣሁ። ከላይ እስከ ታች አየሁት። የመብራት ዕቃ ሻጭ፣ የባሕር ዳሩ ድርጅት፣ የቤት አከራይ፣ የዛሪማው አጎቴ፤ ቁጥሩን እስካሁን አላጠፋሁትም። ነካሁት እንኳ፤ "የደወሉላቸው ደንበኛ" ብላ ሴትዮዋ ጀመረች። ዘጋሁት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ። በዚህች ከተማ፣ በዚህ ሁሉ ሰው መሐል፣ ልዳር ነው ወይስ አልዳር ብዬ የምጠይቀው አንድ ሰው የለኝም። አሥራ አምስት ቀን የወሰድኩት ከማን ጋር ልነጋገርበት ነው?

ከማን ጋር እንደሆነ ታወቀኝ። ከዚያው ሰው ጋር ነው፤ ይህን ነገር ቁጭ ብዬ ላወራው የምፈልገው ሰው እሱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በዚህች ሰዓት አምባ ጊዮርጊስ ሆኖ መልስ ይጠብቃል። "በአሥራ አምስት ቀን" ሲሉት ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ደግሞ ምን ያህል ዝም እንደሚል እኔ ነኝ የማውቀው።

በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ወፍጮ ቤቱን አለፍኩ፣ ነጠላዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥሟል፣ ተማሪዎች መንገድ ለቀቁልኝ። ሦስቱም አስፋልቱ ዳር ታክሲ እየጠበቁ ነው። ሚኒባሱ ቆሟል፤ ረዳቱ "ፒያሳ፣ ፒያሳ" ይላል። ዶክተር ፍቅርተማርያም አንድ እግራቸውን አስገብተዋል።

"አያ ላቀው" አልኩ። ትንፋሼ ተቆራርጧል። "ተማክሬ ጨርሻለሁ።"

ሦስቱም ዞሩ። አያ ላቀው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ ነጠላ ጫማዬን፣ ዓይኔን። "ከማን ጋር ተማከርሽ፣ አንቺ ልጅ?" አለ። ረጋ ብሎ ነው ያለው።

"ከእናቴና ከአባቴ" አልኩ። "ከባሌም። ከዛሪማው አጎቴም።"

ቄስ ማሩ አማተቡ። ረዳቱ "ትገባላችሁ ወይስ ትቀራላችሁ?" ይላል።

"እና ምን አሉ?" አለ አያ ላቀው።

"እሺ አሉ።"

አያ ላቀው ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ዶክተር ፍቅርተማርያም እግራቸውን ከሚኒባሱ አወጡ።

"እንግዲያማ" አለ አያ ላቀው፣ "አሁን መቀመጥ እንችላለን" ብሎ ወደ ቤቴ መራቸው።